ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ሐሙስ ነበር፣ ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ፣
ብሪያር ሃልስቴድ መጣች፣ ኮፍያዋን አጥልቃ፣ ከተቀጡት ተርታ።
«ማንበብ አልወድም» አለችኝ፣ «ግን ወፍራም አምጪ ተብያለሁ፤
ወፍራም ሆኖ ቶሎ የሚያልቅ ካለ፣ እሱን እወስዳለሁ።»

ሰጠኋት። ገለጠችው። መስመሩ አጭር፣ ገጹ ገና ያልለበሰ።
«ይሄ ግጥም ነው?» አለች፣ በሚዛን እንደተታለለ ሰው።
«ታሪክ ነው» አልኳት፣ «ትንፋሽ ያጠረው።»

ግጥም ለእሷ የፈተና ጥያቄ ነበር፦
ገጣሚው ምን ማለቱ ነው? ከአራቱ አንዱን ማክበብ፣ ከዚያ መርሳት፣ ከዚያ መኖር።
እዚህ ግን ሰም የለም። ወርቁ ራቁቱን መጥቷል፣
ስሙን ሳይደብቅ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጧል፦
አንዲት ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሟ ምሳ የምትቋጥር፣
እናቷ ከመታጠቢያ ቤት እስክትወጣ ደቂቃ የምትቆጥር፣
የክኒን ብልቃጥ ድምፅ ከዝናብ ድምፅ ለይታ የምታውቅ።

ብሪያር በሳንቲም ልብስ ማጠቢያው ቤት አመሸች፤
ልብሱ ታጥቦ ደረቀ፣ እሷ ግን አልጨረሰች።
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦

«ተነሺ።»

ከዚያ ነጭ። እስከ ታች ድረስ ነጭ።
አምቡላንስ መጥቶ ሲሄድ
የጎረቤት መጋረጃ ቀስ ብሎ እንደሚዘጋው፣ እንደዚያ ነጭ።

ሰኞ መለሰችው።
በዚያ ነጭ ላይ፣ በእርሳስ፣ ወረቀቱን ሊቀድ በደረሰ ጭረት፣
«የእኔ ግን ተነሥታለች። እስካሁን» ብላ ጽፋበት።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የጻፈ ይቀጣል።
ላጲሱን አነሣሁ።
ላጲሱን አስቀመጥኩ።

በመጋቢት፣ በስፖርት አዳራሹ፣ ከሚታጠፉት ወንበሮች መሐል
ሚስተር ሊንድክቪስት ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤
በረዶ ሲጥል የእኔንም ደጅ ሳይጠርግ አይውልም።
«ልጅ ልጅነቱን ይጨርስ» አለ፣ «ይህን ጉድ ማን አስተምሩ አላችሁ?»
አጨበጨቡ። ልጁን በመስከረም እንደቀበረ ሁላችንም እናውቃለን፤
በምን እንደሞተ አንድም ቀን አላወራን።

መልሱ ጉልበቴ ላይ ነበር። ብገልጠው ይበቃ ነበር።
ግን ከተማችን፣ ይህች ከኦሃዮ ወንዝ ዳር የቀረች፣
የእጅ ጽሑፍ እንደ መልክ የሚታወቅባት ናት።
ዝም አልኩ።
ዘጠኝ ለሁለት ተወሰነ። እስከ ዓርብ አስረክቢ ተባልኩ።

ረቡዕ ብሪያር ተዋሰችው።
ሐሙስ ሳንቲም በካልሲ ቋጥራ መጣች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች፣
ሁሉም የማጠቢያ ማሽን ሳንቲም።
«ጠፋብኝ» አለች። የቦርሳዋ ክብደት አንድ ትከሻዋን ጎትቶት ነበር።
እኔም ቆጠርኩ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ጠፍቷል።

በግንቦት አንድ ልጅ መጣ፣ ቶቢያስ የሚባል፣
እዚህ ቤት እግሩ ረግጦ የማያውቅ። ዙሪያውን አየ፣ ጎንበስ አለ፦
«መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቦታ አልቋል።
መቶ አሥራ ሦስት ላይ መጻፍ ይቻላል?»

የትኛውን መጽሐፍ እንደምትል አላውቅም አልኩት፤
እርሳስ ቀርጬ ሰጠሁት።