ግራው ውኃ ነው

አባቴ ይርሳው ነው።
አያቴ፣ ሁለት ልጅ ቀብራ፣ ሦስተኛውን ወልዳ፣
«ሞት ይህን ቤት ይርሳው» ብላ ነው ስሙን ያወጣችው።
ሞትስ ሰማት መሰል፤
መርሳት ግን፣ ስሙን ሲጠሩት እንደሰማ እንግዳ፣
ስድሳ አምስት ዓመት ቆይቶ መጣ፣ ሳያንኳኳ።

ጥቅምት ነበር። ከዘጌ ወጥቶ መሪውን ሊያዞር ሲል
ግራ እጁ ወረደ፣
ከንፈሩ ዘመመ፤
ጀልባዋ «ንጋት»፣ አርባ መንገደኛ፣ ስድስት ኩንታል ሽንኩርት፣ አንድ አልጋ እንደጫነች
እንደ ሰከረ ሰው ለብቻዋ ዞረች፣
አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር።

ሐኪሞች «ስትሮክ» አሉ።
እግሩን መለሱለት፤ በከዘራ ይሄዳል።
የቀረው ሌላ ነው።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቆጠራቸው ወደቦች
እምቦጭ እንደዋጠው ዳርቻ፣ አረንጓዴ፣ ዝም።
ላዩ ሜዳ ይመስላል፤ ሲረግጡት ያሰጥማል።
እኔን «ንጋት» ይለኛል።
«አትጠገብ ነኝ አባዬ» እላለሁ።
«እሺ ንጋት» ይላል፤ «ገመድሽን ማን ፈታው?»

ከገበያው ጀርባ፣ ከጫማ መሸጫው በላይ፣ ሁለተኛው በር፤
ዶክተር ልንገረው፣ ቻይና ተምሮ የመጣ።
ሲተዋወቁ ሳቄ አመለጠኝ፦
ይርሳው ከልንገረው ፊት ተቀመጠ።

«ሦስት ቃል እሰጥዎታለሁ፣ ያዙልኝ፦
ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ድልድይ።»
ያዘ፤ ዓሣ በባዶ እጅ እንደሚያዝ።
«ከመቶ ሰባት ሲቀነስ?»
«የማን ዕዳ ነው?» አለ።
ሰዓት ይሣሉ ተባለ። ክቡን አሣመረው፤
ቁጥሮቹን ግን ሁሉ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣
በቀኝ በኩል አጨቃቸው፣ ጭነቷ እንዳጋደለ ጀልባ።
«ግራውስ?»
ቀና አለ፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ፦
«ግራው ውኃ ነው።»

ከዚያ መርፌዎቹ። ከፀጉር የቀጠኑ፤
ሁለት አናቱ ላይ፣ ሁለት ግንባሩ ጥግ፣ አንድ አውራ ጣቱ ሥር።
ቀይና ጥቁር ሽቦ ከትንሽ ሳጥን ወጥቶ ነከሳቸው።
ልንገረው ቁልፏን በቀስታ አዞረ፤
የአባቴ ቅንድብ፣ ዓሣ እንደነካው የመንጠቆ ቡሽ፣
ብድግ፣ ብድግ፣ ብድግ አለ።
«ያማል?»
«ጉንዳን» አለ። ቆየና፣ «ሞተር።»

እኔ ጥግ ተቀምጬ አስባለሁ፦
ይህ መብራት የመጣው ከጢስ ዓባይ እንደሁ
ትናንት ሐይቅ ነበር፤ አባቴ ያውቀዋል፤
ታጥቦበታል፣ ጠጥቶታል፣ በማዕበሉ ቀን ሰድቦታል።
ገደል ወርዶ፣ ብርሃን ሆኖ፣ በሽቦ ዞሮ
ይኸው ራሱን ያንኳኳል፦
«ካፒቴን፣ ታውቀኛለህ?»

«ይረዳል የሚሉ አሉ» ይላል ልንገረው፤ «እኔ ግን አልምልም።
ልምምዱን አትተዉ።»
አለመማሉ ደስ አለኝ። የማለልን ብዙ ነበር።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ ስድስት ሳምንት በባጃጅ።
በመንገዱ ወደብ አስቆጥረዋለሁ፦
«ባሕር ዳር... ዘጌ...» ይቆማል።
አንዳንዴ ቁንዝላ ይዘላል፣ አንዳንዴ ጎርጎራ ደርሶ ይገረማል
መሀሉ የት ገባ ብሎ።
መሀሉ ደቅ ነው። እናቴን ያገኘባት፣
እናቴን የቀበረባት። አልነገርኩትም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን መብራት ሄደ።
ሳጥኗ ድምጿን ዋጠች። ቅንድቡ ረጋ።
ልንገረው መርፌውን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ
«ቆይ» አለ አባቴ፤ «ሞተር ጠፋ ተብሎ አይወረድም፤
ነፋሱ ያደርሰናል።»
ዝም አልን። ከታች ጫማ ሻጩ የጄኔሬተሩን ገመድ ይስባል፣ እምቢ ይለዋል።
«ዘጌ» አለ። «ደቅ።»
ግራ እጁ ጭኑ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።
«ደቅ የምትወርድ አለች፤ ሻሿ ቢጫ ነው፤
ዕቃዋን አግዟት።»

መርፌው ይሁን፣ ጊዜው ይሁን፣ የመብራቱ መሄድ ይሁን
አላውቅም። ልንገረውም አላውቅም አለ፤
ወረቀቱ ላይ ግን የሆነ ነገር ጻፈ።

ስንመለስ በግራው ተቀመጥኩ፣ ሆን ብዬ፣
በውኃው በኩል።
ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዞረ፤
አየኝ፣ ቆይቶም አየኝ።
«ንጋት» አለ።
«አቤት» አልኩ፤
«ገመዴን ማንም አልፈታውም።»