የኪራይ ደብተር

ትርንጎ ባሸነፈች ዕለት ጎማ ነበር የምለጥፍ፣
እጄ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ሁለት ምስማር በአፌ ጫፍ፤
ከዓሣ ማስገሪያው በኩል አንዲት ልጅ እየጮኸች መጣች፦
«ትርንጎ! የሽምብጧ ልጅ! ከሁሉ ቀድማ አንደኛ ወጣች!»

«የቷ ትርንጎ?» አላልኩም፤ ከማንም በፊት አውቃታለሁ፣
በሰዓት አምስት ብር ሳከራይ፣ አምሽታ ስትመልስ ተቆጥቻታለሁ፤
የሰባት ብር ከሃምሳ ዕዳዋ ዛሬም አለ ከደብተሬ፣
አልሰረዝኩትም እስካሁን፤ አልጠየቅኋትም አፍሬ።

በማግስቱ፣ ገና በጠዋት፣ ሻላው ከውኃው ላይ ሳይነሳ፣
ሠላሳ ሰባት ልጅ ቆመ ለስምንት ብስክሌት፣ ያውም አንዷ ጎማ አልባ ሬሳ።
«እሷ የነዳችው የቱ ነው?» እያሉ ሲሻሙ ባያቸው፣
(እግዜር ይቅር ይበለኝ) «ይቺ ናት» እያልኩ ሰባቱንም ሰጠኋቸው።

ከስፖርት ቢሮ ሰው መጣ፣ ክራቫት አሥሮ፣ ፋይል ይዞ፣
ተቀመጠ ከጎማ ክምር ላይ፣ ጥያቄውን ከወረቀት መዝዞ።
«ከድሉ ወዲህ ተሳትፎ በስንት እጅ አደገ?» አለ፤
ደብተሬን አገላበጠና «አራት እጥፍ!» ብሎ ጻፈ፤ ሻይም ከፈለ።
ባነር ተሰቀለ በዘንባባው መሐል፤ ፊቷ ከባጃጁ ሰልፍ በላይ ሆነ፤
ሰውየው ግን አልተመለሰም። የእሱ ቆጠራ በዚያው ሳምንት ተከደነ።

እኔ ቆጠርኩ። ሥራዬ ነው።
ሠላሳ ሰባት።
ሃያ ስድስት።
አሥራ ዘጠኝ።
ዝናቡ ሲገባ፣ ስድስት።
ለመስቀል ሁለት፤ አንዱም የእህቴ ልጅ፣ በነጻ የሚነዳ።

«የልጅ ነገር! የገለባ እሳት» አለ ጎረቤት፤ እኔ አልፈርድም፤
የብስክሌት ዋጋ መቼም በትርንጎ ድል አይወርድም።
ከመነዳሪ ሲወደድ ኪራዩን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣
አንድ ልጅ ሳንቲሙን ቆጥሮ፣ ደግሞ ቆጥሮ ሲመለስ፣ አይቼ ዝም ያልኩት።
ኮከብ እንኳን ቢደምቅ ሰማይ፣ የተነፈሰ ጎማ አይነፋም፤
ያም ሆኖ የዚያ ሰኞ ጫጫታ ከጆሮዬ አይጠፋም።

በኅዳር፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣ አንዲት ሴት በሬን ቆረቆረች፤
ባንቻየሁ ናት፣ ከውኃ ቢሮ፣ ቆጣሪ አንባቢዋ። ዙሪያዋን አየችና፣
«አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ሳያየኝ አስተምረኝ» አለች።
«ትርንጎን አይተሽ ነው?» ብላት፣ «የቷ ትርንጎ?» ብላ አየችኝ፤
«ባጃጅ ናት ደመወዜን በልታ ለዚህ ያበቃችኝ።»

ወደ ቤዛዊት በሚወስደው መንገድ፣ ጭር ባለበት ሰዓት፣
እኔ ከኋላ ይዤ ስሮጥ፣ እሷ ከላይ ስትጮህ፣ ስትሳደብ፣ ስትጸልይ በአንድ አፍታ፣
ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤
ሦስተኛው ላይ ኮርቻውን ስለቅ አላወቀችም፤ ነዳች፤ ሄደች፤ ራቀች።

ወር አልፎ፣ ኪራይ ስትከፍል፣ እንዲሁ በጨዋታ፣
«ልጄ ናት» አለች «ያደፋፈረችኝ፤ ከአልጋዋ በላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ ለጥፋ፣
‹እማዬ፣ ይኸው ሴት ትነዳለች› እያለች ጠዋት ማታ።»
የማን ፎቶ እንደሆነ አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳት።

እንጃ። ለቢሮው ሰውዬ ይህ ስንት እጅ ነው ይባላል?
ተመልሶ ቢመጣስ፣ ከየትኛው መስመር ላይ ይጻፋል?
ደብተሬን ገልጬ ብቻ፣ ከዚያች ከአሮጌ ዕዳ አጠገብ፣
«ባንቻየሁ። አንድ ሰዓት። ተከፍሏል» አልኩ በእርሳስ።

ዛሬ ጠዋት ከጣና የመጣ ነፋስ ባነሩን ገምሶት አደረ፤
የትርንጎ አንድ ዓይን ብቻ ቀርቷል ከዘንባባው ጫፍ፣ ከላይ፤
ባንቻየሁ በሥሩ አለፈች፣
ቀና አላለችም፣
ጉድጓዱን ነበር የምታይ።