ካኖ፣ ከማቅለሚያው ጉድጓድ አፋፍ

ቅጠሉን ከአመድ ጋር ሰባት ቀን አብላልቶ፣
በአረፋው አውቆ፣ በአፍንጫው ገምቶ፣
ባላራቤ ጨርቁን ከጉድጓድ ሲያወጣ
ጎመን መስሎ ነበር፣ ነፋስ እስኪመጣ።
ነፋሱ ሲዳብሰው፣ ዓይናችን እያየ፣
አረንጓዴው ጠፍቶ ሰማያዊ ታየ።

ላራይ ቀትር ላይ መጣች፣ የሰርጓን ልብስ ይዛ፤
«መልሰህ አንጣልኝ» አለችው ተክዛ።
ሙሽራው ሌጎስ ሄዶ ሌላ አግብቷል አሉ፤
ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ ሲያወሩት ዋሉ።

«እጥፋቱን ቢሆን በዱላ አቀናለሁ፣
እርጥቡን ቢሆን ከፀሐይ አሰጣለሁ፤
ውሃስ ይመለሳል፣ ሄዶም እስከ ሰማይ፤
ይሄ ግን ተጋባ፣ ከነፋሱ፣ ላራይ።»

ዝም አለች። አየችው፣ ከጥፍር እስከ ክርኑ፤
እጁ ሰማያዊ ነው፤ ስንት ነው ዘመኑ?

ጨርቁን ተከናንባ ገበያ ስትሻገር፣
ላቧ በአንገቷ ላይ ሰማያዊ ነበር።