መጠለያ ቁጥር አርባ ሁለት

ሐደራ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከአራት ፎቆች መሐል፣
አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወርደህ አንድ የብረት በር ይገኛል።
በጦርነት ሰው፣ በሰላም ጊታር ይገባበታል፤
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠኝ ሥራ አምፖል መለወጥ፣
ያቆረውን ውሃ መጥረግ፣ ማጠፊያውን ዘይት መቀባት፣
ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን መዝጋት።
እነሱ ግን በአራት ሰዓት ገና ክር መቃኘታቸው ነው፤
እኔም ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ እከታለሁ።

«ነገም አለ» ነው ስማቸው።
ግድግዳው ላይ በሁለት ፊደል ጽፈውታል፤
የዕብራይስጡ ከቀኝ ተነሥቶ፣ የአማርኛው ከግራ፣
መሐል ላይ ቦታ ጠቧቸው
አንዱ የአንዱን እግር ረግጦ ቆሟል።

ቃሉን የምታዘንበው ወርቅነሽ ናት።
ትምህርት ቤት ሳለች «ዘሀቫ» ብለው ተረጎሟት፤
«ወርቅ»ን ትተውላት «ነሽ»ን ወሰዱባት።
አሁን ማይኩን ስትጨብጥ የምታስመልሰው እሱን ነው፤
ነሽ! ነህ! ነን! ናችሁ! እያለች ከከበሮው ጋር ስትሽቀዳደም
ሰዋስው እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

ጊታሩ የኒሲም ቡስኪላ ነው፤ ቀን ቀን ጎማ ይለውጣል፣
የጥፍሩ ጥቁር ቅባት ክሩ ላይ ይቀራል።
ዲማ ከሌሊቱ ዘጠኝ ጀምሮ ዳቦ ቤት ያቦካል፤
እኛ ዘንድም ከበሮውን ያቦካዋል።
ቤዙ የእኅቴ ልጅ የግዛቸው ነው። እሱ አያወራም፤
አራቱ ወፋፍራም ክሮች ያወሩለታል።

ቁጣ የላቸውም እንዳትል። አላቸው።
ግዛቸውን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ
ፖሊስ አስቁሞ መታወቂያ ጠይቆታል።
የገጠሙት ግን ስለ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣
የምትሮጥ አሮጊት በመስታወት አይቶ
የዘጋውን በር መልሶ ስለ ከፈተ።
ደግሞም ስለ እኅቴ፣ በስልሳ ዓመቷ
በአውራ ጣቷ ፈንታ በእስክሪብቶ ስለ ፈረመች።
«ለምን እንደ ሰዉ አትረግሙም?» ብዬ ጠየቅሁ።
«ለእርግማን ጉሮሮ ይበቃል» አለች ወርቅነሽ፣
«ለዚህኛው ሳንባ ይጠይቃል።»

ወደ ራዲዮ ላኩ። ከስምንት ወር በኋላ መልስ መጣ፤
ለሮክ፣ ራፕ በዝቶበታል፤
ለራፕ፣ ሮክ በዝቶበታል፤
ለሁለቱም ደስታ በዝቶበታል።
ኒሲም ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፈው፣ እንደ ዲፕሎማ።

አንዴ ሠርግ ተጠሩ። ክራር መቺው ታሞ
የሙሽራዋን አባት «የአማርኛ ባንድ አለ» ብሎ ያሳሳተው እኔ ነኝ።
የዲማ ከበሮ አዳራሹ ላይ ሲወርድ
ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ያዙ፤
ቄሱ ዝናብ የመጣ ይመስል
ዣንጥላቸውን ጣሪያ ሥር ዘረጉ።
ሰው አልተነሣም። ሙሽራዋም አልተነሣችም።
ከወጥ ቤት ብቻ ሳህን አጣቢው ወጣ፣
እስከ ክንዱ አረፋ እንደ ለበሰ፣ እስክስታውን አቀለጠው፤
አረፋው እየበረረ ኬኩ ላይ አረፈ።
ግማሽ ተከፈላቸው።
ስንመለስ፣ የኃይል ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች
ከባሕሩ ዳር ቀይ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም ሲያደርጉ፣
ስለ ቀረው ግማሽ ማንም አላነሣ፤
ወርቅነሽ ስለ አረፋው መግጠም ጀምራ ነበር።

እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት።
ሰሚያቸው እኔ፣ አንዲት ጭራ የሌላት ድመት፣
ከሦስተኛ ፎቅም ወይዘሮ ብሮንያ፣
«ዝም በሉ!» ለማለት ቧንቧውን በማንኪያ የሚመቱት።
ዲማ እየቆየ አራተኛውን ምት ለእሳቸው ይተው ጀመር፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቧንቧ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቧንቧ።
ያውቁ እንደሆነ አላውቅም።

ትናንት አራተኛው ባዶ ሆነ።
አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ጊታሩ በመሐል ቆመ፤
ሁሉም ጣሪያውን አዩ።
ዲማ ዱላዎቹን በእጁ እንደያዘ ደረጃውን ሽቅብ ሮጠ፤
የድመቷን ትንፋሽ እየሰማን ጠበቅን።
ሲመለስ ያለከልካል።
«ጉንፋን ነው» አለ፣ ወንበሩን እየሳበ፤
«ነገ እመታለሁ ብለዋል።»