የሦስተኛው ፎቅ ወፍ

ጉደይቢያ ሰፈር፣ ከቀለም ሱቅ ጀርባ፣
ሊፍቱ ከሞተበት ሕንፃ ማታ ስንገባ፣
ዘበኛው ሾፊኩል ደረጃው ሥር ወድቋል፤
መንጋጋው ተሰብሯል፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል።
የብስኩት ቆርቆሮው፣ አደራ ያኖርንበት፣
የአሥራ አንድ ሴት ደመወዝ የተኛበት፣
አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት መጣች፤
ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ከኒያባ፣ ፋይል ታቅፋለች።
ጓሮ ሰበሰበችን፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፤
«ያየ ይናገር» አለች፣ «ሰፈር ዝም ካለ ሕግ ብቻውን ዕውር።»

ልብስ ሰፊው ራጃን መርፌ እንደወደቀበት መሬት መሬት አየ።
ጆስሊን ስልኳን ወለወለች፣ የተወለወለውን።
የዳቦ ቤቱ ልጅ ያለ ምክንያት ሳቀ።
እጅ ለማውጣት ኢቃማ ይጠየቃል፤
ኢቃማ ለማውጣት ከፊል፤
ከፊል ደግሞ «ጠፍታለች» ብሎ ካመለከተ ዓመት አልፎታል።

መቺውንማ ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል፦
የኪራይ ሰብሳቢው የእህት ልጅ፤
ሽቶው ከሱ ቀድሞ ደረጃ ይወጣል።

አያቴ፣ ሐይቅ ዳር፣ ስለ አውጫጭኝ ሲያወራ፣
በቅሎ የጠፋ ቀን አገሩ ሲጠራ፣
«ሌባው ሳይታወቅ ማንም አይበተን!»
ተብሎ ያድራል ሰው፣ ድንጋዩን ተንተርሶ፣ እህል ሳይቀምስ ቀን።
የሚፈራም ቢኖር፣ ስሙን ሳያወጣ፣
«ወፍ ነገረኝ» ይላል፤ ወፍ ከየትም ትምጣ፣
ዳኛው አይጠይቅም ላባዋን፣ ጎጆዋን።

የኔ ኢቃማ ገና አርባ ቀን ይቀረዋል።
ለዚህ ነው ሌሊት መይረም በሬን የቆረቆረችው፣ ከሦስተኛው ፎቅ ወርዳ።
«በበሩ ቀዳዳ አይቻለሁ» አለች፣
«የቀለበቱን ድንጋይ ሳይቀር። ሁለት ጊዜ መታው።
አንቺ ንገሪልኝ።»

ሄድኩ። ነገርኩ።
«በዓይንሽ አይተሻል?»
«አላየሁም።»
«ማን ነገረሽ?»
«ወፍ።»
አስተርጓሚው ብዕሩን ነከሰ፤ «ጠይር» ብሎ ጻፈ፣
ቀና ብሎ አየኝና ሰረዘው።
«ወፍ» አለች ወጣቷ፣ ሳትስቅ፣
«እዚህ ቤት አትምልም።»

ለመይረም ስነግራት ሽንኩርቷን ከትፋ ጨረሰች።
ሌላ ቃል አልወጣትም።
ሲነጋ ግን ጫማዋን አሰረች፤
ፓስፖርቷ ከፊሏ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣
ያላት ስሟ ብቻ፣
እሱኑ ይዛ ገባች።

እኔ ውጭ፣ ብረት ወንበር ላይ፣ ቁልፏን ጨብጫለሁ።
ኤሲው ያንጠባጥባል።
ራጃን መጣ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፤ ተቀመጠ፣ አልተናገረም።
የዳቦ ቤቱ ልጅም፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት።
ጆስሊን አልመጣችም።
ከአሥራ ስምንት በር፣ ከእኔ ጋር ሦስት ሰው፤
አያቴ ቢያየን «ይህም አውጫጭኝ?» ብሎ በሳቀ።

ግን «አትበተኑ» ያለን ጭቃ ሹም የለም፣
የተበተነም የለም።
ወደ ቀትር ነው። በሩ እንደተዘጋ ነው።
መይረም ገና አልወጣችም።