ስለቃት እንድትሄድ

ዛሬ መብራት አለ፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤
የሙሄ አሮጌ ኮምፒውተር ያጓራል፤
ማራገቢያው ታሞ፣ አስም እንዳለው ሰው
እያሰለሰ ነው የሚተነፍሰው።
እኔም ወንበር ስቤ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣
በጉልበቴ መሃል ጆይስቲኩን አድርጌ...

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
ድር ስወጥር ኖሬ፣ ማግ ስለካ፣ ስለካ፣
ዛሬ የምወጥረው አየር ነው ለካ።

አኮብኩቤ ተነሳሁ። ቦርከና ከታች
እንደተጣለ ክር ተጠማዛ ተኛች።
ፋብሪካችን ከላይ ግራጫ ካርቶን ናት፤
የኛ ቤት የለችም፤ ካርታውን ያወጡት
ማን እንደነገራቸው፣ ባሕር ዛፍ ተክለውባት።

ችግሩ አፍንጫዋ ነው። ወደ ሐረጎ ሳዞራት
ሽቅብ ትላለች፣ ማንም ሳይጠራት፤
ስጫናት ትወርዳለች፣ ስለቃት ትወጣለች፣
እንደ ሰኞ ገበያ በቅሎ ትሟገታለች።
ጦሳ ከፊት አለ፣ ዳመናውን ለብሶ፤
ክንዴ ዝሎ ከብዶኛል፣ መዳፌ በላብ ርሶ።

ሙሄ ደወለ ከደሴ፣ ስልክ እየጠገነ፣ መፍቻ በጥርሱ ይዞ፤
«አብሽር አጎቴ» አለኝ፣ «ትግል የለም በጉዞ።
ትሪሙን ወደፊት ግፋው፣ ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፤
እጅህ ላይ ያለው ሸክም ጅራቷ ላይ ይውላል።»

ገባኝ። ይህን አውቃለሁ ከድሮው ማሽኔ፤
ድሩን በእጁ ወጥሮ የሚውል የለም ሸማኔ።
ከኋላ ክብደት ሰቅለህ ልኩን ስታገኝለት
ድሩ ራሱን ይይዛል፤ አንተ ዘወር በልለት።

አዞርኩ። አንድ ጥፍር። ሁለት። መለስ፣ ግማሽ ጥፍር።
ቁጭ አለ አፍንጫዋ ከአድማሱ ድንበር።

ክንፏ ግን ይንቀጠቀጣል።
ነፋስ እንዳልል፣ ነፋሱን ዜሮ ላይ አድርጌዋለሁ።
የቀኝ እጄ ነው፤
ያኔ በሌሊት ፈረቃ መወርወሪያው ያገኘው፣
ሐኪሙ «ጅማት ነው» ያለው፣
ጦይባ «እንግዳው» የምትለው፣
መጥቶ የማይሄደው።
እዚህ የስንዴ ፍሬ ታህል የምትነቃነቅ ጣት
እዚያ ሰማይ ላይ ስትደርስ አገር ታጋድላለች፣ ክንፍ ሙሉ ሆናባት።

ማስተካከያውን ከፈትኩት። መሃሉ ላይ «ሙት ክልል» የሚሉት አለ፤
ጣት እዚያ ውስጥ ቢርገበገብ፣ ለእሷ ምንም እንዳልተባለ።
ስሱነቷን ቀነስኩ፣ ከመቶ ወደ ሃምሳ፤
ክልሉንም አሰፋሁት፤ እንግዳው ቢነሳ
እዚያው ይንጎራደድ፣ ወሬው እንዳይደርሳት።

እጄ ይንቀጠቀጣል። እሷ አልሰማችም።
ከሐረጎ ጥምዝምዝ በላይ፣ ከጭነት መኪኖቹ ጡሩምባ በላይ፣
እንደተተኮሰ ነጠላ፣ አልተሸበሸበችም።

ለቀቅኳት። ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ጣልኩ።
ሄደች።

በሩ ሲጥ አለ፤ ጦይባ ሻይ ይዛ ገባች።
«የት ደረስክ?»
«ደሴ ልገባ ነው።»
«ሙሄን ሰላም በልልኝ» ብላ ሳቀች፤
ብርጭቆዬን እንደ ወትሮዋ ከኪቦርዱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፤
እጀታ ያለውን፣ ወፍራሙን፣
እስከ ወገቡ ብቻ የሞላውን።

ስድስት ዓመት ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቻለሁ።
ስኳር ተወዶ ነው፣ ብያለሁ።
ሴትዮዋ ቆጣቢ ናት፣ ብያለሁ።
አንዴማ፣ በይመር ሠርግ፣ ሰው መሃል፣
«የኔዋ ሻይ ትሰስታለች» ብዬ አምቻታለሁ፤
እሷም ሰምታ ዝም ብላለች።

አነሳሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ።
ሻዩ ዞረ፣ ከጎን ጎን ተላጋ፣
የብርጭቆውን ግድግዳ ልሶ ልሶ
አፋፉ ሳይደርስ ተመለሰ።
አንዲት ጠብታ አልፈሰሰ።

ቀና ብዬ አየኋት። የተኛውን ልጅ ብርድ ልብስ እየሳበች ነበር።
«ምነው? ስኳር አነሰው?»
«የለም» አልኩ፣ «ልኩ ነው።»

ጦሳን ረስቼው ነበር።