ባለቤቱ ማነው?

ሦስተኛ ፎቅ ነው ቤቴ፣ አፉላ ከተማ፣
ሊፍት የለው፤ ደረጃው በድመት የታማ።
ሁለት ክፍል ተኩል ይላል የውሉ ቃል፤
ግማሿን ክፍል ግን ማን ገምሷት ያውቃል?
አልጋ ከገባባት በሯ አይዘጋም፣
በሯ ከተዘጋ አልጋው አይዘረጋም።

ከአረጋውያን ቤት፣ ሌሊቱን አድሬ፣
እጄ ሳሙና እየሸተተ በጠዋት በርሬ፣
አገር ውስጥ ሚኒስቴር ወረፋ ቆጥሬ
ተቀመጥኩ፣ ፋይሌን በላስቲክ አስሬ።

የኪራይ ውል አለ፣ የመብራት ደረሰኝ፣
የአርኖናም ማኅተም ዘግይቶ ደረሰኝ፤
ከታች የምትኖረው ጎረቤቴ ላሪሳ
«አትረብሽም» ብላ ጽፋለች፣
ፊርማዋን ረስታ፣ ደግሞ አስታውሳ።
የሳሎን ፎቶ አለ፣ የጓዳ፣ የሻወር፣
ሁለት የጥርስ ብሩሽ ባንድ ኩባያ ሲያድር።
(አንዱ ደረቅ ነው። ከገዛሁት ጀምሮ።)
ሰፊ አልጋ ገዛሁ፣ ከተፋቱ ሰዎች፣ በግማሽ ዋጋ፤
ሻጯ መረቀችኝ፦ «ለኛ አልሆነ፣ ላንቺ ይርጋ።»

ሲቫን ይላል ስሟ፣ ደረቷ ላይ ያለው።
ገልጣ ገልጣ ጠየቀች፤ «ባለቤቱ ማነው?»
በነሱ ቋንቋ «ባዓል» ባልም ነው፣ ጌታም፤
እሷን ያዘ ጆሮዬ፣ ቀሪውን አልሰማም፤
«ጎንደር ነው» አልኳት።
«ያከራየሽ ሰውዬ ጎንደር ነው የሚኖረው?»
ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እውነትም ምኑ ነው የሚያስቀው?
ባለቤቴ ቤት የለው፣ ቤቴም ባለቤት፤
ሸቀሏን ወር በገባ ሲሞን ነው የሚበላት።

«ማማድ አለው?»
«አለው። ግማሿ ክፍል ናት።»
«ሁለት ሰው ይበቃል?»
«ሳይረን ሲጮኽ፣ ካንዲት ድመት ጋር፣ ሰባት ሆነን አድረናል።»
«ማን በየት ጎን ይተኛል?»
«እኔ በበሩ ጎን። እሱ በጎንደር።»
አልጻፈችውም።

«ስሙ ውሉ ላይ የለም» አለች። «ስሙ ሳይገባ ሰውየው አይገባም።»
«ሰውየው ሳይገባ ስሙን አላስገባም»
ይላል ሲሞን ደግሞ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ።
በስምና በሰው መሃል ሦስት ወር ተመላለስኩ፤
አንድ ፋይል ሳልሞላ፣ ሁለት ጫማ ጨረስኩ።

ማታ ማታ በስልክ ቤቱን አዞረዋለሁ።
እሱ ቤት ሠሪ ነው፤ ዓይኑን አያምነውም።
«ግድግዳውን ኳ ኳ አድርጊው፣ ልስማው» ይለኛል።
አንኳኳለሁ። ያዳምጣል፣
ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ፣ ትንፋሹን ውጦ።
«ይሄ ብሎኬት ነው። ያኛውስ? … እሱ ውስጡ ባዶ ነው፤
ምስማር እንዳትመቺበት፣ እኔ እስክመጣ።»

የውሃ ማሞቂያው ባፈሰሰ ዕለት ሲሞን መጣ፣
መሰላል ተሸክሞ፣ እያለከለከ።
በመኝታ ቤቱ ሲያልፍ አየ፦
አንዱ ትራስ ጎድጉዷል፣
አንዱ እንደተገዛ።
ምንም አላለም። ስክሪፕቶ ጠየቀኝ፤
ውሉን ካረጠበው ግድግዳ ላይ አስደግፎ
ስሙን ጻፈው።

የዕብራይስጡ ፊደል አናባቢ የለው፤
ሲቫን ተንተባተበች፦ «አጣ… አጣነው… ነው?»
«አላጣነውም!» አልኩ፤ አዳራሹ ዞሮ አየኝ።
«አጣናው ነው ስሙ።
አጣና ማለት በኛ፣ ጣራ የሚሸከመው።»
እስከዚያ ለዚያማ ቤቱ መቼ ቆመ?
አጣናው ሳይመጣ በምን ተሸከመ?

ማኅተሙን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች።
«ከበዓል በኋላ ተመለሺ» አለች።

ማታ ስልኩን ከፍቼ፣ ሳይጠይቀኝ አንኳኳሁ፤
ኳ። ኳ።
ከወለሉ ሥር ላሪሳ፣ በመጥረጊያዋ እንጨት፣
ኳ! ኳ! ኳ!
«ማነው?» አለ አጣናው፣ ጎንደር ላይ ደንግጦ።
«ምስክሬ ናት» አልኩት።